ነርሲንግ ሆም፣ ግሩፕ ሆም፣ ሜሞሪ ኬር ወይስ ቤት? የመርሳት በሽታ ላለባቸው ወላጆች ቦታ ስትመርጡ

አብዛኛው ቤተሰብ ቦታ የሚመርጠው በጥድፊያ ነው። እናት ወድቀው ሆስፒታል ይገባሉ፤ በአራተኛው ቀን ሶሻል ወርከሯ የነርሲንግ ሆሞች ስም ዝርዝር ትሰጥና «ነገ ስለሚወጡ ዛሬ ምረጡ» ትላለች። በዚያ ሰዓት የሚመረጠው ወይ ለቤት የቀረበው ነው፣ ወይ ክፍት አልጋ ያለው። ስለዚህ ይህን መመሪያ ያ ቀን ሳይመጣ አንብቡት። የምንጽፈው በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ነው። የፌዴራል ሕጉን የሚመለከተው ክፍል ግን በሌሎቹ ስቴቶችም ይሠራል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ። የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው ኑሮ የሚወስነው የሎቢው ሶፋ ወይም የግድግዳው ሥዕል አይደለም። ማታና ቅዳሜና እሁድ አንድ ሠራተኛ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ያ ሠራተኛ በየሳምንቱ ይቀያየር እንደሆነ፣ እናታችሁ የሚናገሩትን የሚሰማ ሰው በአቅራቢያቸው መኖሩ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ለማወቅ የሚረዳ ነው።

አራቱ አማራጮች

ቤት ማቆየት ማለት ብዙ ጊዜ ቀን ቀን አደልት ደይ ኬር፣ ጠዋትና ማታ የሆም ኬር ሠራተኛ፣ ሌሊት ደግሞ ልጅ ማለት ነው። አካባቢያችን ውስጥ አማርኛ የሚናገሩ ሠራተኞች ያሏቸው የቀን ማዕከላት አሉ፤ በሽታው ገና መካከለኛ ላይ ላለ ሰው ከሁሉ የተሻለው አማራጭ ይህ ነው ብለን እናምናለን። የሚፈርሰው ግን ሁልጊዜ በአንድ በኩል ነው፤ በሌሊት። አባት ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነስተው በር ሲከፍቱ፣ የሚጠብቃቸው ልጅ ደግሞ ጠዋት ሥራ የሚገባ ከሆነ፣ ነገሩ ከጥቂት ወራት በላይ አይዘልቅም። ወደ መጸዳጃ ቤት ለመውሰድ ሁለት ሰው ካስፈለገ፣ ምድጃ ለኩሰው ከረሱ፣ ወይም አስታማሚው ራሱ ታምሞ ሐኪም ቤት መመላለስ ከጀመረ፣ ቦታ መፈለግ የሚጀመርበት ጊዜ ያ ነው። «ወላጁን ጣለ» ይባላል የሚለው ይሉኝታ ብዙ ቤተሰብ ይህን ጊዜ አሳልፎ ሆስፒታል ውስጥ እንዲወስን ያደርገዋል።

ግሩፕ ሆም የምንለው፣ በሕጉ ግን አሲስትድ ሊቪንግ የሚባለው፣ በተራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ጥቂት ሰዎች የሚኖሩበት ነው። በሜሪላንድ ብዙ አሉ፤ በኢትዮጵያውያን የሚመሩም አሉ። ጥንካሬው ጸጥታው፣ የቤት ምግቡና በየቀኑ አንድ ዓይነት ፊት መታየቱ ነው። ድክመቱ ሁሉ ነገር በአንድና በሁለት ሰው ትከሻ ላይ መውደቁ ነው፤ ያቺ ጎበዝ ሠራተኛ ስትታመም ወይም ስትለቅ ቤቱ በአንድ ሳምንት ይለወጣል። በሜሪላንድ ፈቃዱ ደረጃ 1፣ 2 እና 3 አለው። የመርሳት በሽታ እየከፋ ስለሚሄድ ደረጃ 1 ብቻ ያለው ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ «ከዚህ በላይ መያዝ አንችልም» ሊላችሁ ይችላል። በዚያው ስቴት ደንብ ኃላፊነት ያለባት ነርስ ቢያንስ በየ45 ቀኑ መጥታ ነዋሪውን ማየት አለባት። «የነርሷን የመጨረሻ ጉብኝት ማስታወሻ አሳዩኝ» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚያመነታ ቤት ከሆነ ተዉት። በቨርጂኒያ 4 እና ከዚያ በላይ ሰው የሚይዝ አሲስትድ ሊቪንግ ፈቃድ የሚያገኘው ከስቴቱ የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው፤ የቁጥጥር ሪፖርቶቹም በድረ ገጹ ላይ ይነበባሉ።

ሜሞሪ ኬር በትልቅ አሲስትድ ሊቪንግ ውስጥ በሩ በኮድ የሚከፈት ክፍል ነው። ለሚንቀሳቀስ፣ ጉልበት ላለው፣ መውጣት መውጣት ለሚለው ሰው ጥሩ የታጠረ ግቢ ያለው ሜሞሪ ኬር መወጣጫ ደረጃ ካለው ግሩፕ ሆም ይሻላል። ከባዱ ነገር ዋጋው ነው፤ እሱም በአንድ ቁጥር አይቆምም። የክፍሉ ኪራይ አንድ ነገር ነው፣ «የእንክብካቤ ደረጃ» የሚሉት ተጨማሪ ክፍያ ሌላ ነገር ነው፤ በየጊዜው እየገመገሙ ይጨምሩታል። ቁጣ ሲበረታ ወይም ሁለት ሰው የሚያስነሳ ሲሆን ደግሞ ቦታ ፈልጉ ሊሉ ይችላሉ።

ነርሲንግ ሆም 24 ሰዓት ነርስ አለው፣ ሜዲኬይድ (አቅም ለሌላቸው መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን) ይከፍልለታል፣ ከ1987ቱ የፌዴራል ሕግ ጀምሮ ደግሞ የነዋሪው መብት በዝርዝር ተጽፏል። ቁስል ያለበት፣ በቱቦ የሚመገብ፣ ከአልጋ በሁለት ሰው የሚነሳ ሰው ቦታው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ጉዳቱ ትልቅነቱ፣ ጫጫታውና ክፍል መጋራቱ ነው። ሆስፒስ፣ ማለትም በሕይወት መጨረሻ ላይ ላለ ሰው የሚሰጥ እንክብካቤ፣ ያስፈለገ ቀን ግን ለዚያ ብላችሁ ቦታ መቀየር የለባችሁም፤ የሜዲኬር (የአረጋውያን የፌዴራል የጤና መድን) ሆስፒስ ቤትም ሆነ ከእነዚህ ወደ ማናቸውም ይመጣል። የክፍሉን ኪራይ ብቻ አይሸፍንም።

የገንዘቡ ነገር

በ2024 በአገር አቀፍ ደረጃ የአሲስትድ ሊቪንግ መካከለኛ ዋጋ በወር ወደ 5,900 ዶላር፣ ሁለት ሰው የሚተኛበት የነርሲንግ ሆም ክፍል ወደ 9,300 ዶላር፣ የአደልት ደይ ኬር ደግሞ በቀን ወደ 100 ዶላር ነበር። የዲሲ አካባቢ ከዚህ ይወደዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ሜዲኬር አላቸው፣ ይከፍላል» በሚለው ላይ ነው። ሜዲኬር የሚከፍለው ከሆስፒታል በኋላ ለማገገሚያ ለሚደረግ የነርስና የቴራፒ ሥራ ነው፤ ቢበዛ 100 ቀን። የመጀመሪያው 20 ቀን ሙሉ ነው፤ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ በ2025 ሒሳብ በቀን 209.50 ዶላር ከታካሚው ኪስ ይወጣል። 100 ቀኑም ዋስትና የለውም፤ የነርስ ወይም የቴራፒ ሥራ ካላስፈለገ ቀድሞ ይቆማል። መደበኛው ሜዲኬር በተጨማሪ ሆስፒታል ውስጥ 3 ተከታታይ ቀን በሕሙምነት መተኛትን ይጠይቃል። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፦ «ኦብዘርቬሽን» (ለክትትል ብቻ) ተብሎ የተመዘገበ ቀን አልጋ ላይ ቢያሳልፉትም አይቆጠርም። ወላጃችሁ ሆስፒታል በገቡ ቀን «የተመዘገቡት ኢንፔሸንት ሆነው ነው ወይስ ኦብዘርቬሽን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ልዩነቱ በሺዎች ዶላር ነው።

ለማብላት፣ ለማጠብ፣ ለመጠበቅ የሚከፍለው ሜዲኬይድ ነው። ሜዲኬይድ የ60 ወር ወደ ኋላ ይመለከታል፦ ቤት በልጅ ስም ማዞር፣ ለዘመድ ትልቅ ገንዘብ መላክ፣ የባንክ ሒሳብ ባዶ ማድረግ የቅጣት ጊዜ፣ ማለትም ሜዲኬይድ የማይከፍልበት ጊዜ፣ ያመጣል። በአዲስ አበባ ያለው ቤትም ሲጠየቅ የሚደበቅ ነገር አይደለም፤ ከመሸጥ ወይም ስም ከማዞር በፊት የአረጋውያን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ጋር ቁጭ በሉ። የትዳር ጓደኛ ቤት ውስጥ የሚቀር ከሆነ ከንብረትና ከገቢ የተወሰነውን የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ ይህን ሳያውቁ ሁሉን የሚያስረክቡ አሉ። ግሪን ካርድ ከያዙ 5 ዓመት ያልሞላቸው ወላጆች ደግሞ በአብዛኛው ለዚህ አይበቁም፤ ለእነሱ ቤት ማቆየት ወይም በግል መክፈል ብቻ ነው የሚቀረው።

ወላጃችሁ ገና የሚፈርሙትን ሲረዱ የውክልና ሰነዱን፣ የገንዘቡንም የሕክምናውንም፣ ጨርሱ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚትነት መጠየቅ ነው፤ ወራት ይወስዳል፣ ያስከፍላል።

ከመሄዳችሁ በፊት

ነርሲንግ ሆሞችን በሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ «ኬር ኮምፔር» በሚለው ገጽ ማነጻጸር ይቻላል። ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል። አጠቃላዩን ኮከብ ብቻ አትመልከቱ፤ ውስጡን ክፈቱት። ሦስት ክፍል አለው፦ የቁጥጥር ውጤት፣ የሠራተኛ ብዛት፣ የጥራት መለኪያ። ሦስተኛው በአብዛኛው ተቋሙ ራሱ ከሚሞላው መረጃ ስለሚመጣ ከሁለቱ ያነሰ ክብደት ስጡት። የሠራተኛው ክፍል ግን ከደመወዝ መዝገብ የሚወሰድ ነው። እዚያ ውስጥ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ፦ የቅዳሜና እሁድ የሠራተኛ ሰዓትና በዓመት የሚለቁ ሠራተኞች መቶኛ። ቅዳሜና እሁድ ከሥራ ቀኑ በጣም የሚወርድ ከሆነ ነገሩን አወቃችሁ።

«ለአንድ ነዋሪ በቀን ስንት ሰዓት» የሚለው ቁጥር ሰውን ያደናግራል። በ24 ሰዓት የሠሩት ነርሶችና ሲኤንኤዎች (የነርስ ረዳቶች) ሰዓት ተደምሮ ለነዋሪው ቁጥር ሲካፈል የሚገኝ ነው። በ2024 መንግሥት 3.48 ሰዓትን ዝቅተኛ ወለል አድርጎ አውጥቶ ነበር፤ በ2025 ፍርድ ቤት ሻረው። ሕግነቱ ቢቀርም ለመለኪያ ግን ይጠቅማል፤ የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ላለበት ቤት ከዚያ በታች የሆነውን እኛ በጥርጣሬ ነው የምናየው። በቀይ ክብ ውስጥ ነጭ እጅ ያለበት ምልክት ካያችሁ ደግሞ ተቋሙ በጥቃት ወይም በበደል ተጠቅሷል ማለት ነው።

የቁጥጥር ሪፖርቱ ቅጽ 2567 ይባላል። እያንዳንዱ ጥፋት ከኤ እስከ ኤል ባለ ፊደል ይመዘናል። ዲ እና ኢ በየቤቱ የሚገኙ ናቸው፤ ስላያችሁ ብቻ አትደንግጡ። ከጂ ጀምሮ ያለው ሰው በእውነት ተጎድቷል ማለት ነው። ጄ፣ ኬ እና ኤል ደግሞ ሕይወት አደጋ ላይ ነበር ማለት ናቸው። ፊደሉን ካያችሁ በኋላ ታሪኩን አንብቡ፦ ሰው ከበር ወጥቶ ጠፍቷል? የአልጋ ቁስል ሳይታከም ቀርቷል? አንድ ጊዜ የሆነና የታረመ ነገር ሦስት ዓመት ሙሉ ተመላልሶ ከመጣ ተመሳሳይ ጥፋት ይለያል። የሜዲኬር ድረ ገጽ አሲስትድ ሊቪንግን አያካትትም፤ ለእሱ የስቴቱን ሪፖርት መጠየቅ ነው። በሜሪላንድ የጤና ጥራት ቢሮ፣ በቨርጂኒያ የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ይሰጣሉ።

በየስቴቱ ለነዋሪዎች የሚቆም ኦምቡድስማን አለ፤ አገልግሎቱ ነጻ ነው። ሁለት ሦስት ስም ይዛችሁ «ስለ እነዚህ ምን ዓይነት አቤቱታ ይደርሳችኋል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የትኛውን እንድትመርጡ አይነግሩም፤ የሚሰሙትን ዓይነት ግን ይነግራሉ። ቀንም ሌሊትም የሚሠራው የአልዛይመርስ አሶሲዬሽን ስልክ 1-800-272-3900 ነው፤ በአስተርጓሚ ያነጋግራል።

ጉብኝት፦ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያየ ሰዓት

አንዴ በቀጠሮ ሂዱ። ሁለተኛው ያለ ቀጠሮ በምሳ ሰዓት ይሁን። ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው፦ እሁድ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ባለው፣ በፈረንጆቹ ከ5 እስከ 8። በዚህ ሰዓት ብዙ የመርሳት ሕመምተኞች ይረበሻሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ «ቤቴ ልሂድ» ይላሉ፣ ይነሳሉ፣ ያለቅሳሉ። የቀኑ ተረኛ ሄዶ የማታው ሲገባ ሠራተኛው ያነሰበት ሰዓትም ነው። ቦታው በዚህ ሰዓት ደህና ከሆነ በሌላውም ደህና ነው።

ስትገቡ ነርሲንግ ሆም ከሆነ በመግቢያው አካባቢ የእለቱ የነርሶችና የሲኤንኤዎች ቁጥር የተለጠፈበትን ወረቀት ፈልጉ፤ ሕጉ መለጠፍ ግዴታ አድርጎታል። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ያሉትን ቁጠሩ። ወረቀቱና ዓይናችሁ ካልተስማሙ ጠይቁ። በእኛ ሚዛን ሜሞሪ ኬር ውስጥ ቀን ለ6 ሰው አንድ ሠራተኛ ደህና ነው፤ ለ10 ከሆነ ማጠብና ማብላት ይዘለላል። ግሩፕ ሆም ከሆነ ደግሞ አንድ ጥያቄ በቂ ነው፦ «ሌሊት የሚያድረው ሰው ነቅቶ ነው ወይስ ተኝቶ?» ሌሊት ለሚነሳ አባት ተኝቶ የሚያድር ሠራተኛ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሽታ ላይ ፍርዳችሁን አታፋጥኑ። ጠዋት አንድ ክፍል ውስጥ ሽንት መሽተቱ ሥራ እየተሠራ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ በሙሉ ከሸተተ ግን ዳይፐር አይለወጥም፤ የሚያስጨንቅ የሽቶ ጠረን በሁሉም ቦታ ካለም እንደዚሁ። ከዚያ ይልቅ የሰዎቹን ጥፍር እዩ። መነጽራቸው ዓይናቸው ላይ፣ የጆሮ መስሚያቸው ጆሯቸው ውስጥ፣ ጥርሳቸው አፋቸው ውስጥ ነው ወይስ መሳቢያ ውስጥ? የውኃ ብርጭቆው በእጃቸው ይደርሳል? የጥሪ መብራት ሲበራ ሰዓታችሁን ያዙ፤ 5 ደቂቃ ጥሩ ነው፣ 20 ደቂቃ ማለት ሰው ለመነሳት ሞክሮ የሚወድቅበት ጊዜ ነው።

አንድ አዛውንት ደጋግመው «ልጄ መቼ ትመጣለች?» ሲሉ ሠራተኛው ምን እንደሚመልስ ስሙ። «አሁን ነገርኩህ እኮ» የሚል ሰው ስልጠና አላገኘም። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ስለ ልጃቸው የሚጠይቅ ሰው አግኝቷል። ይህ አንድ ንግግር ከግድግዳው የምስክር ወረቀት ሁሉ የበለጠ ይነግራችኋል።

ግሩፕ ሆም ሲሆን ቤቱን እንደ ቤት መርምሩ። መኝታ ክፍሉ ምድር ቤት ከሆነ በእሳት ጊዜ የሚወጡበት መስኮት ወይም በር አለው? መታጠቢያው ገንዳ ነው ወይስ እግር ሳያነሱ የሚገቡበት ሻወር? የሚያዙበት ብረት ግድግዳው ላይ ተቦርቡሮ ተሠክቷል ወይስ በመምጠጫ የተለጠፈ ነው? በመምጠጫ የተለጠፈው ሲደገፉት ይነቀላል።

ሲኤንኤዎቹ መካከል ሐበሻ ሞልቷል። በአማርኛ ሰላም በሉና «እህቴ፣ ዛሬ ስንት ሰው ይዘሻል? እዚህ ክፍል ስንት ጊዜሽ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አለቃዋ አጠገብ ሲሆን ግን አይሁን፤ በሥራዋ ላይ ችግር ያመጣባታል። «እናትሽ ብትሆን እዚህ ታስገቢያት ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ብዙዎቹ በቃል አይመልሱም። ዝምታቸውንም አንብቡ።

ቋንቋ፣ ስም፣ ሰዓትና ምግብ

የመርሳት በሽታ ብዙ ጊዜ በኋላ የተማሩትን ቋንቋ ቀድሞ ይወስዳል። ሠላሳ ዓመት በእንግሊዝኛ የሠሩ አባት ወደ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ይመለሳሉ። ይህ በቦታ ምርጫ ላይ ሊኖረው የሚገባው ክብደት ከሚገመተው በላይ ነው፤ የማይናገሩትን ሕመም ማንም አያክምላቸውም፣ ሕመሙ ደግሞ በቁጣ መልክ ይወጣል። «አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ አለን» ሲሏችሁ «በየትኛው ተራ? በሳምንት ስንት ቀን?» በሉ። ወጥ ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ ካለች የቋንቋው ችግር አልተፈታም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ መሠረት ቋንቋውን ለማይችል ሰው በአስተርጓሚ የመርዳት ግዴታ አለበት፤ ዲሲ ውስጥ ደግሞ የ2004ቱ የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶችን በአማርኛ እንዲያገለግሉ ያስገድዳል።

በምርመራው ላይም ይህ ይገባል። ነርሲንግ ሆሞች የሚጠቀሙበት አጭር የአእምሮ ፈተና ከ15 ነጥብ ነው፤ 13 እና ከዚያ በላይ ደህና፣ ከ8 እስከ 12 መካከለኛ፣ 7 እና ከዚያ በታች ከባድ ይባላል። «ካልሲ፣ ሰማያዊ፣ አልጋ» የሚሉ ሦስት ቃላት ያስደግማል፤ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን ይጠይቃል። እናት ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢናገሩ ትክክል ናቸው፤ ወረቀቱ ግን ስህተት ይላቸዋል። «አሁን ሁለት ሰዓት ነው» ሲሉ ግድግዳው 8 ቢያሳይ «ሰዓት አያውቁም» ተብሎ ይጻፋል። በፈተናው ጊዜ አስተርጓሚ መኖሩንና ስለ አቆጣጠሩ መነገሩን አረጋግጡ። በዚያ ነጥብ ላይ የተመሠረተ ዕቅድ ለረጅም ጊዜ ይከተላቸዋልና።

ስም ሌላ ነው። በወረቀቱ ላይ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቧል። ሠራተኛው «ሚስተር ተሰማ» ሲል አባባ አባታቸው የተጠሩ መስሏቸው ዝም ይላሉ፤ «አይመልስም» ተብሎ ይመዘገባል። የሚጠሩበትን ስም በትልቁ ጽፋችሁ በአልጋቸው ራስጌ ለጥፉ፤ ከቻሉ «እማማ» ወይም «አባባ» ብለው እንዲጀምሩ አስተምሯቸው። ብዙ እናቶች ወንድ ሊያጥባቸው ሲመጣ ይማታሉ፤ ቁጣው በሽታ ሳይሆን ሐፍረት ነው። «ሴትን ሴት ብቻ ታጥባለች» የሚል ነገር በእንክብካቤ ዕቅዱ ውስጥ መጻፍ ይቻል እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ጾሙን በተመለከተ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን ወጥ ቤቱ ሊያስተናግድ መቻሉን ጠይቁ። ሙስሊም ወላጅ ከሆኑ ሐላል ሥጋና የረመዳን ሰዓትን። በሽታው ሲገፋ ግን ጾም ክብደት የሚያወርድ ከሆነ የንስሐ አባታቸው ወይም ኢማማቸው ቢያነጋግሯቸው ይጠቅማል፤ የልጅን ቃል የማይቀበሉ አባት የቄሱን ይቀበላሉ። ጠበል ከቤት የምታመጡ ከሆነ ለነርሷ ንገሯት፤ ውኃ የሚያስተናንቃቸው ሰው ላይ አደገኛ ነው።

እንጀራ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእጅ መብላት ለመርሳት ሕመምተኛ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሹካ መያዝ ከረሱ በኋላም እጅ አይረሳም። የማያውቅ ሠራተኛ ግን በእጃቸው ሲበሉ አይቶ «መብላት አይችሉም» ብሎ ማጉረስ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ በራሳቸው አይበሉም። በሌላ በኩል መዋጥ ሲከብድ እንጀራ ጉሮሮ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ሲበሉ የሚያስላቸው ከሆነ፣ ድምፃቸው ከበሉ በኋላ እርጥብ ከሆነ፣ ስፒች ቴራፒስት (የንግግርና የመዋጥ ባለሙያ) አይታ ምን ዓይነት ልስላሴ እንደሚያስፈልግ ትወስን። የለሰለሰ ፍርፍር ወይም አጥሚት የሚሆንላቸው ብዙ ናቸው፤ ይህን የሚወስነው ግን የእሷ ምርመራ ነው።

መድኃኒት

ማንኛውም ቦታ ላይ ይህን ጠይቁ፦ «ሰው ሲረበሽ በመጀመሪያ የምታደርጉት ምንድን ነው?» ትክክለኛው መልስ ሕመም፣ የሽንት መወጠር፣ ረሃብ፣ የሆድ ድርቀት፣ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን መኖሩን ማየት ነው። ኢንፌክሽን በአዛውንት ላይ ብዙ ጊዜ ትኩሳት ሳያሳይ ድንገተኛ መወናበድ ብቻ ያመጣል። «ዶክተሩ መድኃኒት ያዝላቸዋል» ብሎ የሚጀምር ቦታ ጥሩ አይደለም። ሴሮክዌል፣ ሪስፔሪዶን፣ ሃሎፔሪዶል የሚባሉት መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አዛውንቶች ላይ የመሞት ዕድልን እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2005 እና በ2008 በመድኃኒቶቹ መግለጫ ወረቀት ላይ እንዲጻፍ አዟል። አንዳንድ ጊዜ ያስፈልጋሉ፤ ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ሲጎዳ። ግን ለምን እንደተጀመረ፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነና መቼ ለመቀነስ እንደሚሞከር ሳይነገራችሁ «እሺ» አትበሉ። ቀን ሙሉ የሚያንቀላፋ ሰው ይወድቃል፣ አይበላም፣ የአልጋ ቁስልም ይጀምረዋል።

ውሉ

ወረቀቱን ወደ ቤት ውሰዱት፤ እዚያው አትፈርሙ። ነርሲንግ ሆም ልጅን በግል ገንዘቡ ዋስ አድርጎ ማስፈረም በፌዴራል ደንብ ተከልክሏል። «ሪስፖንሲብል ፓርቲ» (ኃላፊነት የሚወስድ ሰው) የሚል መስመር ላይ ስትፈርሙ ከስማችሁ ቀጥሎ «በወኪልነት» የሚል ጨምሩ፤ እንዲሁ ስማችሁን ብቻ ከጻፋችሁ ዕዳው ወደ እናንተ እንዲመጣ የሚሞክሩ አሉ። በፍርድ ቤት ሳይሆን በሽምግልና ብቻ እንድትከራከሩ የሚል ስምምነት አብሮ ካለ፣ ነርሲንግ ሆም ለመግቢያ ቅድመ ሁኔታ ሊያደርገው አይችልም፤ መተው ትችላላችሁ።

ገንዘቡ ሲያልቅ የሚሆነውን በጽሑፍ ጠይቁ። ሜዲኬይድ የሚቀበል ነርሲንግ ሆም ነዋሪው ወደ ሜዲኬይድ ስለተሸጋገረ ብቻ አያስወጣውም፤ ሜሞሪ ኬርና ግሩፕ ሆም ግን አብዛኛዎቹ አይቀበሉም ወይም የተወሰነ ቦታ ብቻ ነው ያላቸው። በሁለት ዓመት ገንዘብ የሚያልቅ ከሆነ፣ በመጀመሪያ ውብ ሜሞሪ ኬር ገብቶ በኋላ ወደ ሜዲኬይድ ነርሲንግ ሆም መዛወር ለእናታችሁ ሁለት ጊዜ መነቀል ይሆናል። ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ሜዲኬይድ የሚቀበል ጥሩ ቤት ማግኘት ይሻላል።

ማስወጣትን በተመለከተ ነርሲንግ ሆም በሕግ በተጻፉ ጥቂት ምክንያቶች ብቻ፣ ብዙውን ጊዜ ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ አስታውቆ ነው የሚያስወጣው። አሲስትድ ሊቪንግ በስቴቱ ደንብና በውሉ ይተዳደራል። አዛውንቱን ለሕክምና ሆስፒታል ልኮ ከዚያ «አንመልሳቸውም» የሚል ቦታ አለ፤ ይህን ከሰማችሁ በዚያው ቀን ወደ ኦምቡድስማኑ ደውሉ።

ሁለት ቦታ ሲቀር

ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚፎካከሩት ሁለት ናቸው፦ 15 ደቂቃ ርቀት ላይ ያለ፣ ባለ 4 ኮከብ፣ አማርኛ የሌለው ነርሲንግ ሆም፤ ሌላው 45 ደቂቃ የሚያስኬድ፣ አማርኛ ያለበት፣ ትንሽ ግሩፕ ሆም። እኛ በመጀመሪያ የምንጠይቀው በሽታው የት እንደደረሰ ነው። አሁንም የሚያወሩ፣ የሚፈሩ፣ ሰው የሚፈልጉ ከሆነ የርቀቱን ችግር ችለን ለቋንቋው እንሄዳለን። ከአልጋ የማይነሱና ንግግራቸው ከሞላ ጎደል የጠፋ ከሆነ ቅርበቱን እንመርጣለን፤ በሳምንት አራት ቀን ያለ ቀጠሮ የሚመጣ ልጅ ያለው አዛውንት ክፉ ተቋም ውስጥም ቢሆን የተሻለ ይታያል። ሁለቱም ተመጣጣኝ ከሆኑ የማታው ሠራተኛ ቁጥር ይወስን።

ከገቡ በኋላ ያሉት ሳምንታት

ነርሲንግ ሆም በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ የእንክብካቤ ዕቅድ፣ በ14 ቀን ውስጥ ሙሉ ግምገማ፣ ከዚያ በ7 ቀን ውስጥ ሙሉውን ዕቅድ መጨረስ አለበት። የዕቅዱ ስብሰባ ላይ ተገኙ፤ በስልክም ይቻላል። ስሙን፣ ሰዓቱን፣ ሴትን ሴት ማጠቧን፣ ምግቡን የሚመለከተው ሁሉ እዚያ ካልገባ ማንም አያስታውሰውም።

የገቡበትን ቀን ክብደት ጻፉ፣ ከዚያ በየወሩ። በአንድ ወር 5 በመቶ ወይም በስድስት ወር 10 በመቶ መቀነስ በሕክምና አሳሳቢ ነው፤ 60 ኪሎ የነበሩ እናት በወር 3 ኪሎ ከቀነሱ ስብሰባ እንዲጠራ ጠይቁ። ሰውነታቸውን ሲያጥቡ አንድ ጊዜ ተገኝታችሁ ተረከዛቸውን፣ ዳሌያቸውን፣ የጀርባቸውን ታችኛ ክፍል እዩ፤ ሲጫኑት ወደ ነጭ የማይለወጥ መቅላት የአልጋ ቁስል መጀመሪያ ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጃችሁ ዳሱ። ከአልጋ የማይነሳ ሰው በየ2 ሰዓቱ መገላበጡን የሚመዘገብበት ወረቀት አለ፤ ጠይቁት።

የመጀመሪያው ወር ማልቀስና «ውሰዱኝ» ማለት ይጠበቃል፤ በዚህ ብቻ ቦታ አትቀይሩ፤ አዲስ ቤት ለዚህ አእምሮ እንደ አዲስ አገር ነው። ያልተገለጸ ቁስል፣ የሚደጋገም መውደቅ፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ፣ ወይም ሠራተኛ ሲገባ የሚሸማቀቁ ከሆነ ግን አትጠብቁ። በፎቶና በቀን መዝግቡ፣ ለነርሲንግ ዳይሬክተሯ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ኦምቡድስማኑን ጥሩ፣ ሌላ ቦታም መፈለግ ጀምሩ።